የአረጋውያንን አእምሮ ለመንከባከብ የትኛው መንገድ ይቅደም? በጎጃም ላሉ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ወላጆች ያሉት ሰው ዛሬ ብዙ ምርጫ ይቀርብለታል። በስልክ የሚሠራ የአእምሮ ማሠልጠኛ አለ፤ በቴሌግራም የሚተዋወቅ «የማስታወስ ኃይልን የሚጨምር» እንክብል አለ፤ የአካል እንቅስቃሴ፣ የቡድን ልምምድና የሐኪም ክትትል አለ፤ ከእነዚህም ሌላ በአገሩ የቆየው የቃል ትምህርትና ጨዋታ አለ። ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚመዝነው በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ዙሪያ ያለ ቤተሰብ በእጁ ካለው ገንዘብ፣ ጊዜና አገልግሎት አንጻር የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን ማስከተል እንዳለበት እንዲወስን ለመርዳት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ በመጀመሪያ የጤና ጣቢያ ምርመራ፣ ቀጥሎ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ከሰው ጋር የሚደረግ አዲስ ትምህርት፣ በመጨረሻም ስልኩ ይመጣል፤ እንክብሉን ግን ከምርጫው ውስጥ አላስገባውም።

ማስረጃው የሚያሳየው

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የመርሳት ሕመም ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 የአደጋ መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ የመስማትና የማየት መቀነስ፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ከመጠን ያለፈ አልኮልና የተበከለ አየር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም፤ ሁሉን ያሟሉ አባት ሊታመሙ፣ ምንም ያላደረጉት ጎረቤታቸው ደግሞ እስከ ዘጠና ዓመታቸው አእምሯቸው ሳይናወጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ሆኖም ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፣ «የአእምሮ ጨዋታ አለመጫወት» የሚል መንስኤ በውስጡ እንደሌለ ያስተውላል።

ለተሟላ ፕሮግራም አብነት ሆኖ የሚጠቀሰው በፊንላንድ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ፊንገር የተባለው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ 1,260 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ለሁለት ዓመት የአመጋገብ ምክር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊትን የመሳሰሉ ችግሮች ክትትል በአንድነት ሲሰጠው፣ ሌላው የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ አገኘ። በአጠቃላይ የአእምሮ ብቃት ፈተና የመጀመሪያው ቡድን መሻሻል ከሁለተኛው በ25 በመቶ በለጠ። በአሜሪካ 2,111 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ፣ መመሪያ ይዘው በራሳቸው የተንቀሳቀሱትም ሆኑ በቡድን እየተሰበሰቡ በቅርብ ክትትል የሠሩት እንደተሻሻሉ፣ የኋለኞቹ ግን በመጠኑ እንደበለጡ አሳይቷል። ከሁለቱ የምንወስደው፣ ውጤት የመጣው ከብዙ ነገር ጥምረት መሆኑንና ቀን ተቆርጦለት፣ የሚከታተለው ሰው ተመድቦለት የሚሠራ ነገር እንደሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥቅል ተዘጋጅቶ የሚመዘገቡበት ቦታ በአካባቢያችን በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ቤተሰቡ ራሱ ቁርጥራጮቹን አሰባስቦ ማዋቀር ይኖርበታል።

ጤና ጣቢያው ከስልኩ ይቅደም

ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ታብሌት ልኮ፣ የእናቱ የደም ግፊት ግን ለዓመታት ሳይለካ የቀረበትን ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ስፕሪንት ማይንድ በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ከ9,000 በላይ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ተካፍለው፣ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲወርድ የታከሙት ከ140 በታች ብቻ እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ በመጠነኛ የማስታወስና የማሰብ ጉድለት የመያዝ ዕድላቸው በ19 በመቶ አንሷል። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ አረጋዊ እስከምን መውረድ እንዳለበት የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ማዞርና መውደቅ ይከተላልና። ልኬቱ ራሱ ግን በቅርብ ባለ ጤና ጣቢያ ይገኛል፤ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ ደግሞ ወጪው ይቀላል። ከባዱ ነገር መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው፤ «ተሽሎኛል» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸውና፣ ከአእምሮ ልምምድ ሁሉ በፊት አንድ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የመድኃኒቱን ሰዓት የማስታወስ ኃላፊነት ይውሰድ።

ቀጥሎ ጆሮ ይታይ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆነ 977 ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት፣ የመስሚያ መሣሪያ መጠቀም በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ልዩነት አላመጣም፤ ለመርሳት ሕመም የበለጠ ተጋላጭ በነበሩት ላይ ግን የአእምሮን መዳከም በሦስት ዓመት ውስጥ በ48 በመቶ አዘግይቷል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ወደ እሱ ከመሄድ በፊት ጆሮው በኩክ የተደፈነ መሆን አለመሆኑን ማሳየት ይገባል፤ ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ደጋግመው «እህ?» የሚሉና የማይገናኝ መልስ የሚሰጡ ሰው ጃጅተዋል ተብለው ከጨዋታ ገለል የሚደረጉበት፣ ገለል በመደረጋቸውም ይበልጥ የሚደክሙበት ጊዜ አለ።

ዓይንም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ3,000 በላይ የዓይን ሞራ ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ ሞራውን በቀዶ ጥገና ያስወጡት በመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ30 በመቶ ገደማ አንሶ እንደተገኘ ዘግቧል። ይህ የክትትል ጥናት ስለሆነ መንስኤና ውጤትን በእርግጠኝነት አያሳይም፤ ነገር ግን ማየት የቻለ ሰው የሚያገኘው ጥቅም የመርሳት ጉዳይ ባይነሣ እንኳ በቂ ምክንያት ነው። የዓይን ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ የሚወጋቸውን የትራኮማ ታማሚዎችም በዚሁ አጋጣሚ ማሳከም ይገባል።

ከዚህ በላይ ሐኪም ሊያጣራቸው የሚገቡና መርሳትን የሚያስመስሉ፣ ሲታከሙም የሚሻሻሉ ነገሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አንዱ ነው፤ ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ጾምን አጥብቀው የሚጾሙና በፍስኩም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ እምብዛም የማያገኙ አረጋውያን፣ እንዲሁም ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የታይሮይድ እጢ መዳከምና ድብርትም እንዲሁ ናቸው። ለእንቅልፍ፣ ለአለርጂ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ እንደ ዳያዜፓም፣ ክሎርፌኒራሚንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች የአረጋዊን አእምሮ ያደበዝዛሉና የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ለሐኪም ማሳየት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ የመጣ ግራ መጋባትም በቀላሉ አይታይ፤ በአረጋውያን ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊኖር ይችላል።

ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች ጠበሉንና ሕክምናውን በአንድነት ቢያስኬዱ ይበጃል፤ አደጋው የሚመጣው ለሱባኤ ተብሎ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነው ጉዳይ በባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን፣ በምሥራቅ ጎጃም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይላካል። በአንድ ወገን የእጅ መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መጎላደፍ በድንገት ከመጣ ግን የሪፈር ወረቀት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

የእግር ጉዞ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ያህል ሲራመዱ የቆዩ አረጋውያን፣ ለማስታወስ ዋና ቦታ የሆነው የአንጎላቸው ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ በ2 በመቶ ሲጨምር፣ ሰውነት ማፍታታት ብቻ የሠሩት ሰዎች ግን ቀንሶባቸዋል። በጥናቱ የተሳተፉት 120 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ተስፋ ቃል መያዝ አይገባም።

በገጠር እርሻ ውለው፣ ገበያ በእግራቸው ሄደው የሚመለሱ አባት ይህ ምክር ብዙም አይጨምርላቸውም፤ ከተማ ገብተው ከልጃቸው ቤት ሶፋ ላይ የዋሉት ግን በጣም ያስፈልጋቸዋል። በገጠርና በከተማ መካከል ያለው ይህ ለውጥ በአንድ ክረምት ሰውን ሲያዝል ይታያል። ለባሕር ዳር ነዋሪ የጣና ዳርቻ በማለዳ ይመቻል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ዳገቱን የሚቀንስ መንገድ መምረጥ ይበጃል። በየቀኑ ኪዳን ለመድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለሱብሒ ወደ መስጊድ በእግር የሚሄድ ሰው ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶለታል፤ የሚቀረው ምርኩዝ፣ የማያንሸራትት ጫማና ከጎኑ የሚሄድ ሰው ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ ብቻውን የሚላክ አረጋዊ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላልና፣ በሐምሌና በነሐሴ በቤት ውስጥ ከወንበር ላይ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣትና መቀመጥን ማለማመድ ይሻላል። መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ሰሞንም ይኸው ያገለግላል።

የስልክ ማሠልጠኛዎች

ለአእምሮ ልምምድ ትልቁ ማስረጃ አክቲቭ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ነው። 2,832 ሰዎች ከ65 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ተካተው፣ በአምስትና ስድስት ሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ እየተሰበሰቡ አንዳንዶቹ የማስታወስ፣ ሌሎቹ የማመዛዘን፣ የቀሩት ደግሞ ነገሮችን በፍጥነት የመለየት ልምምድ ሠሩ። እያንዳንዱ ቡድን በተለማመደው ነገር ተሻሻለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የማመዛዘንና የፍጥነት ልምምዱ ፍሬ ሲገኝ፣ የማስታወስ ልምምዱ ግን ጠፍቶ ነበር። በኋላ በተሠራ ትንተና የፍጥነት ልምምድ የወሰዱት በመርሳት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ አንሶ ታይቷል፤ ይህኛው ውጤት በተመራማሪዎች ዘንድ አከራካሪ ነው። ልምምዱ ዛሬ ብሬይን ኤችኪው በተባለው ማሠልጠኛ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ማለት ግን በስልክ የሚጫን ማንኛውም ጨዋታ እኩል ነው ማለት አይደለም። ሉሞሲቲ የተባለው ታዋቂ ማሠልጠኛ ባለቤት ድርጅት፣ ጨዋታው በዕድሜ የሚመጣን መርሳት እንደሚያዘገይ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ አንድ ማሠልጠኛ ሲቀርብልን መጠየቅ ያለብን «በጨዋታው ውጤቱ ጨምሯል ወይ?» ሳይሆን «ገበያ ላይ መልስ መቁጠሩ፣ መድኃኒት ማስታወሱ ተሻሽሏል ወይ?» ብለን ነው። ጨዋታን ደጋግሞ የተጫወተ ሰው በጨዋታው መብለጡ የማይቀር ነው።

ለእኛ አካባቢ ሌሎች እንቅፋቶችም አሉ። ማሠልጠኛዎቹ በአብዛኛው የውጭ ቋንቋ ይጠይቃሉ፤ ክፍያው በዶላር ነው፤ ኔትወርኩ የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ማያ ገጹም ለደከመ ዓይን ያንሳል። የሚስማማቸው፣ መነጽር ያላቸውና ስልክ መነካካት የማይጨንቃቸው ጡረተኛ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ለእነሱም ቢሆን በሳምንት ለጥቂት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ፣ የእግር ጉዞውን ወይም የሰው ጨዋታውን የማይሻማ መሆን አለበት።

የአገሩ ትምህርትና ጨዋታ

ጎጃም በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። እነ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ለዘመናት ያፈሩት የቅኔ ትምህርት፣ በየቀኑ አዲስ ግጥም መቁጠርን፣ የግእዝን ሰዋስው መጠበቅንና ሰሙን ከወርቁ ማዋሐድን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቅኔ የመርሳት ሕመምን እንደሚከላከል የሚያሳይ ሙከራ አላቀርብም፤ ነገር ግን አዲስና ከባድ ነገር መማር እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆኑ ሰዎች ለሦስት ወር ያህል በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ፎቶግራፍ ማንሣትን ወይም የጨርቅ ጥበብን ሲማሩ የማስታወስ ብቃታቸው ተሻሽሎ፣ ተሰብስበው ሲጫወቱ ብቻ ከቆዩት በልጠው ተገኝተዋል።

ከዚህ አንድ ልዩነት ይወጣል፤ በቃል የሚያውቁትን ዳዊት መድገም ለመንፈስ ዕረፍት ነው፣ ሥርዓት ያለው ቀንም ይሰጣል፤ አእምሮን ለአዲስ ሥራ የሚያስገድደው ግን ያልለመዱትን ነገር መያዝ ነው። በወጣትነታቸው ከቅኔ ቤት የወጡ አባት የኔታ ዘንድ ተመልሰው ባለ ሁለት ስንኙን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ከመቁጠር ቢጀምሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊደል ቢይዙ፣ ስፌት የሚያውቁ ደግሞ እጃቸው የለመደውን ጥለት ትተው አዲስ ቢሞክሩ ትርፉ ከዚህ ነው። ገበጣና ዳማም ጥሩ ናቸው፤ ዳማው በቆርኪ፣ ገበጣው መሬት ላይ በተማሰ ጉድጓድና በጠጠር ስለሚሠራ ወጪ የላቸውም። ሁለቱም ተቀናቃኝ የሚጠይቁ መሆናቸው ከስልኩ የሚበልጡበት አንዱ ምክንያት ነው። እንቆቅልሽን ለልጆች የተወ ቤት ካለ ማታ ማታ ይመልሰው፤ ጠያቂዎቹ አያቶቹ ይሁኑ።

የሰው መሰብሰብ

መርሳቱ ለጀመራቸው ሰዎች የተዘጋጀውና በብሪታንያ የተመሠረተው የቡድን ልምምድ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ45 ደቂቃ ያህል እየተሰበሰበ፣ በአሥራ አራት ክፍለ ጊዜ ስለ ምግብ፣ ስለ ልጅነት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ድምፅና ስለ መሳሰሉት የሚወያይበት ነው። በታንዛንያ ገጠር ለአካባቢው ተስማምቶ መሞከሩ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች እንዲሳተፉ ተደርጎ ተዘጋጅቷልና። ምንም መሣሪያ ስለማይፈልግ፣ አንድ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአግባቡ ከሠለጠነች በቀበሌ ሊካሄድ የሚችል ነው።

እስከዚያው ድረስ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና እድሩ አሉ። በየወሩ የሚዞረውን የማኅበር ተራ የረሱ እናት ቀስ በቀስ ከማኅበሩ ሲወጡ ማንም ልብ አይልም፤ ብቸኝነቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ተራቸው ሲደርስ ድግሱን ልጃቸው ትያዝ፣ እሳቸው ግን ከቦታቸው አይነሡ። አረቄና ጠላ የበዛበት ስብሰባ ከሆነ መጠኑን መቀነስ ይገባል፤ ቡናው ያለ ጭስ ቢፈላ ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል።

እንክብሎች

ለማስታወስ ከሚሸጡት መካከል በስፋት የተጠናው ጂንኮ ከተባለ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ ከ3,000 በላይ አረጋውያን የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት የመርሳት ሕመምን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የመድማት ስጋት አለው። ሐኪም እጥረት መኖሩን በምርመራ አረጋግጦ ያዘዘው ቫይታሚን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንደ ሰዉ ሁኔታ መምረጥ

ጤነኛ፣ የተማሩና በቅርቡ ጡረታ ለወጡ ሰው ከምርመራው በኋላ አዲስ ትምህርትና የእግር ጉዞ ይቅደም፤ የስልክ ማሠልጠኛም ከፈለጉ ይጨመር። መጻፍና ማንበብ ለማይችሉ የገጠር እናት የዓይንና የጆሮ ምርመራ፣ የጭስ መውጫ ያለው ምድጃና የማኅበር ተራ ከማንኛውም መተግበሪያ ይበልጣሉ። ሰዓት በማሣልና በጽሑፍ በሚመዝን ፈተና የእኚህ እናት ውጤት ቢያንስ፣ ያነሳቸው ትምህርት ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ስለ ዕለታዊ ሥራቸው ቤተሰቡን ይጠይቅ፤ ወጥ ላይ ጨው ደግመው ይጨምራሉ ወይ፣ ገበያ ላይ መልስ ያሳስታሉ ወይ፣ የጾሙን መግቢያ ይስታሉ ወይ? የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ማምሻውን መምጣቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለሠላሳ ዓመት ከተመላለሱበት ደብር ሲመለሱ መንገድ መሳት ግን ቀጠሮ የሚያስይዝ ነው። መርሳቱ ለተረጋገጠባቸው ደግሞ ፈታኝ ጨዋታ ማብዛት ያሳፍራቸዋል፤ ለእነሱ የቡድን ጨዋታ፣ የታወቀ መንገድ ላይ ከሰው ጋር መራመድና ያልተቋረጠ ሕክምና ይበቃል።

የመረጡትን ከጀመሩ በኋላ በአንድ ደብተር ላይ የደም ግፊቱን ቁጥር፣ የተራመዱባቸውን ቀናት፣ የወሰዱትን መድኃኒትና ቤተሰቡ ያስተዋለውን የመርሳት ሁኔታ ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል። ጽሕፈቱን የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለት ሰው ከያዘው ሁለቱም ይተዉታል። ከሦስት ወር በኋላ አረጋዊው ያቋረጡት ነገር ካለ በግድ ከማስቀጠል ይልቅ በሌላ መተካት ይሻላል፣ የግፊቱና የስኳሩ ሕክምና ግን በምንም አይተካም። ወደ ሆስፒታል ሲኬድም ደብተሩ አብሮ ይሂድ።